አስሩ የቆርቆሮ በሮች

በሱፍቃድ ሊፈታው የተነሳው ችግር ሲሰሙት ቀላል ነው፤ አስር ተከታታይ ቁጥሮችን በአንድ ጠዋት ፎቶ ማንሳት። ከየትኛውም ቁጥር መጀመር ይቻላል። ግን አንዱም መዘለል የለበትም፤ አስሩም በአስር የተለያዩ ነገሮች ላይ የተጻፉ መሆን አለባቸው። ከባድነቱ የሚታወቀው ፍለጋ ሲወጡ ነው። የሚኒባስ ታርጋ በተራ ተሰልፎ አይመጣም። የቀን መቁጠሪያ ቁጥሮች በተራ ናቸው፣ ግን ሁሉም አንድ ወረቀት ላይ ናቸው። የሕንፃ ሱቆች ቁጥር አላቸው፣ ግን እሁድ ጠዋት ዝግ ናቸው፤ ጥበቃውም ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው አያስገባም።

ጨዋታው «የፎቶ ፍለጋ» ይባላል። በየሁለት ወሩ አንድ እሁድ ሃያ የሚሆኑ ፎቶ ወዳዶች ይጫወቱታል። አንዳቸውም በፎቶ አይተዳደሩም፤ ነርስ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር አለ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ነገሮች የተጻፉበት ዝርዝር በቴሌግራም ይለቀቃል። እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሁሉንም አግኝቶ ያነሳ ያሸንፋል። ዝርዝሩን የምታወጣውም ዳኛዋም አሚራ የምትባል የባዮሎጂ መምህርት ናት። የዚያን እሁድ ሰፈሩ ልደታ ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ ከተጻፉት ውስጥ «ሰው ያልተቀመጠበት ወንበር»፣ «የሚንቀሳቀስ ሰማያዊ ነገር»፣ «እግር የሌለበት ጫማ» ይገኙበታል። የጨዋታው ውበት እዚህ ላይ ነው! ሰው ሃያ ዓመት የተመላለሰበትን መንገድ ያ ዝርዝር በአንድ ጠዋት አዲስ ያደርግለታል። ለካ ልደታ ውስጥ በየደጁ ወንበር አለ፤ ለካ ባዶ ወንበር ማግኘት ግን ጭንቅ ነው።

በሱፍቃድ አርባ አራት ዓመቱ ነው። እዚያው ልደታ አጠገብ አብነት ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ከአባቱ በወረሳት ጠባብ ክፍል የስፌት መኪና የሚጠግን ሰው ነው። አሠራሩ ከሌሎች ጠጋኞች ይለያል። መኪናዋን ሲፈታ እያንዳንዱን ብሎን በነጭ ጨርቅ ላይ በወጣበት ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ሲገጥም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አንድም ብሎን ተርፎት አያውቅም። ካሜራ የገዛው ከሦስት ዓመት በፊት ሲሆን፣ ፎቶ ሲያነሳም ያው ነው፤ መደርደር ይወዳል።

በዚያ እሁድ እስከ አራት ሰዓት አሥራ አንዱን ጨርሶ ነበር። አሥራ ሁለተኛውን ያገኘው ከልደታ ማርያም ጀርባ ባለች ቀጭን መንገድ ውስጥ ነው። በአንድ ወገን የቆርቆሮ በሮች ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱ ላይ በነጭ ዘይት ቀለም የቤት ቁጥር ተጽፏል፤ 231፣ 232፣ 233... እስከ 240። የጠዋቱ ፀሐይ በሰያፍ ሲመታው የቆርቆሮው ሽንሽን ሁሉ ይታያል። በሱፍቃድ ልቡ ዘለለ።

ታዲያ አስር ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንዲያምሩ በሮቹ እኩል መጠን ይዘው መታየት አለባቸው። እኩል እንዲሆኑ ከእኩል ርቀት መነሳት አለባቸው። ስለዚህ ከቦርሳው ሜትሩን አወጣ፤ ከእያንዳንዱ በር ሁለት ሜትር ለካ፤ የሚቆምበትን ቦታ በልብስ ሰፊ ጠመኔ መሬቱ ላይ ምልክት አደረገበት። በር አነሳ፣ በያዛት ወረቀት ላይ ቁጥሩን ሰረዘ፣ ወደሚቀጥለው አለፈ። በጣም ደስ ብሎት ነበር።

236 ቁጥር ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተና ነጠላ የለበሱ ቀጭን እናት ብቅ አሉ። ወይዘሮ አባዲት ይባላሉ፤ ያኔ ግን ስማቸውን አያውቅም።

«ምንድነው ልጄ?» አሉት፣ ሜትሩን እያዩ።

በሱፍቃድ አፈረ። በዚህ ዕድሜው፣ እሁድ ጠዋት፣ ጨዋታ እየተጫወተ መሆኑን ለአንዲት እናት መናገር አልሆነለትም። «ሥራ ነው እማማ፤ አይጨነቁ» አላቸውና ወደ 237 አለፈ።

ማታውን አስሩን በሮች በሁለት ረድፍ ደርድሮ አንድ ፎቶ አደረጋቸውና ለአሚራ ላከ። አሚራ እንደ ልማዷ እያንዳንዱን መርምራ፣ በተቀበለችው ላይ ቀይ የእርማት ምልክት፣ ባልተቀበለችው ላይ ቀይ ኤክስ አድርጋ በቡድኑ ገጽ ላይ ለጠፈችው። ዘጠኙ አለፉ። 233 ብቻ ብዥ ብሎ ስለነበር ኤክስ ተደረገበት። በሱፍቃድ ሁለተኛ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ኤክስ እያሰበ ሲበሳጭ ሰነበተ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሚደቅሳ የስፌት መኪናውን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ሚደቅሳ ሱሪ ሰፊ ነው፤ የስምንት ዓመት ደንበኛው።

«ደግሞ ምን ሆነችብህ?» አለው በሱፍቃድ።

«ምንም አልሆነችም። ዘይት ቀባና በላስቲክ ጠቅልልልኝ። እስኪለይልኝ እዚህ ትቀመጥ።»

«አገር ልትለቅ ነው? ወይስ ሚስት አግኝተህ ሥራ ልትተው ነው?»

«ቀልዱን ተወኝ በሱፌ። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው።»

በሱፍቃድ ጎንበስ ብሎ መኪናዋን ከጋሪው ሊያነሳ ነበር፤ ቀና አለ። «ማን አለ?»

«ማን ይበል? መጥተው ለክተው ሄዱ እኮ! እሁድ ዕለት። እኔ አልነበርኩም፤ አከራዬ እማማ አባዲት ግን በዓይናቸው አይተውታል። አንድ ረጅም ሰውዬ ሜትር ይዞ፣ መሬቱን በጠመኔ እያሰመረ፣ በር በበር ፎቶ ሲያነሳ። ምንድነው ቢሉት ሥራ ነው፣ አይጨነቁ አላቸው። አይጨነቁ ከተባልክ በኋላ ምን ቀረህ?»

ካሜራው ከሚደቅሳ ጀርባ መደርደሪያ ላይ ነበር። በሱፍቃድ ሄደና የእጁን መጥረጊያ ጨርቅ ጣለበት። ለምን እንዳደረገው ራሱም አላወቀም፤ እጁ ቀድሞት ነው።

«ዝርዝሩም ወጥቷል» አለ ሚደቅሳ፣ ስልኩን እያወጣ። «ማን እንደላከው አይታወቅም፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋ ደርሷል።»

ስልኩ ላይ የሚታየው የራሱ ፎቶ ነበር። አስር በሮች፣ በሁለት ረድፍ፣ በየበሩ ላይ ቀይ ምልክት።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሜትር፣ ጠመኔና ካሜራ ለየብቻቸው ማንንም አያስደነግጡም። ከዋናው መንገድ ወዲያ ያሉ ቤቶች ለልማት ተብለው ከፈረሱ ወዲህ ግን ሦስቱ ባንድ ሰው እጅ ሲታዩ ትርጉማቸው አንድ ብቻ ነው። ይህን በሱፍቃድ ያውቃል። አብነት ያለችው የራሱ ቤት በር ላይ እንዲህ ያለ ሰው ቢቆም እሱም እንቅልፍ አያገኝም ነበር። እሁድ ጠዋት ግን ሌንሱ ውስጥ ነበርና ራሱን ከውጭ አላየውም።

«ቀይ እርማት ያለባቸው ይፈርሳሉ ይላል ጎረቤታችን ባጫ» ሚደቅሳ ቀጠለ። «ጋሽ ዘነበ ደግሞ፣ የ233ቱ፣ ኤክስ ያለው የኔ ላይ ብቻ ነው፣ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ ብለው ሰኞ ዕለት ዕቃቸውን ጭነው ሰበታ ዘመድ ጋ ሄዱ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው እኮ ነው!»

«እማማ አባዲትስ?» አለ በሱፍቃድ።

«ባጫ ዛሬ ከሰዓት ጣራቸውን ሊነቅልላቸው ነው። ቆርቆሮው ገና አዲስ ነው፤ ማሽን ከመጣበት ይጨፈለቃል። እሱ ከዳነ የትም ሄደው ይጠለሉበታል።»

«በሰኔ ዝናብ ጣራ ይነቀላል?»

«ዝናብ ይሻላል በሱፌ። ዝናብ ያልፋል።»

ሚደቅሳ እስኪሄድ ድረስ በሱፍቃድ ሰውዬው እኔ ነኝ አላለውም። በሩን ገርበብ አደረገና ተቀመጠ። ወጣት ሳለ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሰው ሲሮጥ አይቷል፤ አንዲት ሴት «ያዙት!» ስትል ከየሱቁ ሠላሳ ሰው ወጥቶ ደበደበው። ሰውየው ምንም እንዳልሰረቀ የታወቀው በኋላ ነው። በሱፍቃድ ያንን «በኋላ» አልረሳውም። ራሱን ለማረጋጋት የሚደቅሳን መኪና መፍታት ጀመረ። ብሎኖቹን ጨርቁ ላይ ደረደረ፤ ሲያያቸው ግን የትኛው ቀድሞ እንደወጣ አላወቀም። ይህ ደርሶበት አያውቅም። አምስት ሰዓት ሲል ሰማዩ መጥቆር ጀመረ።

አሚራ ጋ ደወለ። «አሚራ፣ ያ ቀይ ምልክት...»

«ይግባኝ የለም! ብዥ ያለ ብዥ ነው» ብላ ሳቀች። ከጀርባዋ የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል።

የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ኤክሱን ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክፍል አለኝ። ጠብቀኝ፣ አብረን እንሄዳለን። ብቻህን እንዳትሄድ በሱፌ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣራ አይኖርም።»

ስልኩን ከዘጋ በኋላም ተነስቶ ለመሄድ ሌላ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። መጀመሪያ ካሜራውን ጥሎ ሊሄድ አሰበ፤ ከዚያ ያለ ካሜራው ማን ያምነኛል ብሎ አንጠለጠለው። ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ጠመኔዋንም ያዘ። መንገድ ላይ ሰላም ያለው ሁሉ የሚያውቅበት መሰለው። ልደታ ማርያም ደጃፍ ሲደርስ ተሳለመ፤ ምን ብሎ እንደሚጸልይ ጠፋውና ዝም ብሎ አለፈ።

መንገዷ ውስጥ ሲገባ መዶሻ ይሰማ ነበር። 236 ቁጥር ጣራ ላይ ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው ተንበርክኳል፤ ባጫ ማለት እሱ ነው፤ ግንበኛ ነው። ስድስት ቆርቆሮ ተነቅሎ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ከታች ወይዘሮ አባዲት ፍራሽ በላስቲክ ይሸፍናሉ፤ ሚደቅሳ ያግዛቸዋል። ቀና ሲሉ አዩት።

«እሱ ነው» አሉ እናትየዋ። አልጮኹም። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር በሱፍቃድ ይሻለው ነበር፤ ያለው ፍርሃት ነው።

በሮች ተከፈቱ። ባጫ መዶሻውን እንደያዘ ከመሰላሉ ወረደና ከኋላው ዞሮ መውጫውን ይዞ ቆመ። «ዛሬ ደግሞ ምን ልትለካ መጣህ?»

«በሱፌ?» አለ ሚደቅሳ፣ ካሜራውን እያየ። «አንተ?»

«ጨዋታ ነው» አለ በሱፍቃድ። «ቤት የሚያፈርስ ሰው አልላከኝም። የፎቶ ጨዋታ ነው። አስር ተከታታይ ቁጥር ፈልጉ ተባልን፤ በሮቻችሁን አገኘሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«በሜትር?» አለች አንዲት ሴት ከወደ 238። «በሜትር የሚለካ ጨዋታ?»

«ፎቶዎቹ እኩል እንዲሆኑ ብዬ ነው።»

«ተዉት፣ ሊያረጋጋን ተልኮ ነው» አለ ባጫ። «ሁሌም ከማሽኑ በፊት የሚያረጋጋ ሰው ይመጣል።»

በሱፍቃድ ይህን አልጠበቀም። ለመደብደብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እውነቱን ተናግሮ አለመታመን ግን ከዱላም የባሰ ሆነበት። ስልኩን አወጣና የአሚራን ዝርዝር ለሚደቅሳ ሰጠው። «አንብብላቸው።»

ሚደቅሳ አነበበ። «ሰው ያልተቀመጠበት ወንበር። የሚንቀሳቀስ ሰማያዊ ነገር። እግር የሌለበት ጫማ...» ቀና አለ። «እግር የሌለበት ጫማ?»

«ሊስትሮ ጋ አነሳሁት» አለ በሱፍቃድ። ካሜራውን ከፍቶ አሳያቸው፤ በተራ፤ ባዶ የፀጉር ቤት ወንበር፣ ሰማያዊ ሚኒባስ፣ ያለ ባለቤቱ የሚጠብቅ አንድ ጫማ። ከዚያ በሮቹ። «ቀዩን ምልክት ያደረገችው መምህርት ናት። የተማሪ ፈተና እንደምታርመው። ኤክሱ ጋሽ ዘነበን አይደለም፤ የኔን ፎቶ ነው የጣለችው፤ ብዥ ስላለ።»

ሴትየዋ ካሜራውን ተቀብላ አየች። «ለሽልማት ነው?»

«ሽልማት የለውም።»

«እና ለምንድነው?»

ያስደስተኛል ማለት በዚያች ሰዓት፣ በተነቀለ ጣራ ሥር ቆሞ፣ ነውር መሰለው።

ወይዘሮ አባዲት ቀረብ አሉት። «እኔ ምንድነው ብዬ ጠይቄህ አልነበር?»

«ጠይቀውኛል እማማ።»

«ሥራ ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

«አፍሬ ነው። እድሜዬን አይተው ይስቁብኛል ብዬ።»

እናትየዋ ወደ ጣራው ቀና ብለው አዩ። በተከፈተው በኩል ደመናው ይታያል። «እኔ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ያነጋሁት አንተ እንዳይሳቅብህ ነው?»

በሱፍቃድ አንገቱን ደፋ። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ቆርቆሮ መታችው፤ ከዚያ ሌላዋ።

«ውጣ» አሉት።

ከሰፈሩ ውጣ ያሉት መስሎት ሊዞር ሲል በአገጫቸው መሰላሉን አሳዩት። «ባጫ፣ ሚስማሩን ስጠው። የነቀልነው በሱ ሰበብ ነው፤ እሱ መልሶ ይምታው።»

«እማማ፣ ካላመንነው ቆርቆሮውን ለምን መልሰን እንመታዋለን?» አለ ባጫ።

«እኔ አምኜዋለሁ አላልኩም። እየዘነበ ነው አልኩ።»

በሱፍቃድ ከፍታ ይፈራል፤ መሰላል ላይ ከአራተኛው ደረጃ በላይ ወጥቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ወጣ። ቆርቆሮው እርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል፤ እንጨቱ እግሩ ሥር ይጮኻል። ባጫ ከወዲያ ጫፍ ቆርቆሮውን ይዞለት «ሽንሽኑ ጫፍ ላይ እንጂ ጎድጓዳው ላይ አትምታ፤ ውኃ ያስገባል!» እያለ ይቆጣዋል። ነገሩ ትክክል ነው፤ ውኃ የሚወርደው በጎድጓዳው ስለሆነ ሚስማር ሁልጊዜ የሚመታው ከፍ ባለው ሽንሽን ላይ ነው። በሱፍቃድ ፈርቶም ቢሆን ይህን ልብ አለ። ስድስቱን እስኪጨርሱ ሁለቱም በስብሰው ነበር፤ አንዱ ፍራሽም ረጥቧል። አሚራ ዘጠኝ ተኩል ላይ ጃንጥላ ይዛ እየሮጠች ስትደርስ ያገኘችው ጣራ ላይ ነው። ኤክሱን ማን እንዳደረገው በየበሩ እየዞረች ተናገረች። ማታውን ከገጹ ላይ ያንን ፎቶ አጠፋችው፤ ግን ከሰው ስልክ ወደ ሰው ስልክ የሄደውን የሚያጠፋ የለም።

ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አልፏል። ከአስሩ ቤቶች ሰባቱ አምነውታል ማለት ይቻላል። የ238ቷ ሴት እስካሁን ዕቃዋን ከጆንያ አላወጣችም። ባጫ ሰላም ይለዋል፤ ግን ሰላም ሲለው እጁን ያያል። ሚደቅሳ መኪናውን መልሶ ወስዷል፤ በሱፍቃድ ለመገጣጠም ሁለት ቀን ፈጅቶበት ነበር።

የቀረው 233 ነው። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ጋሽ ዘነበ የማያውቁትን ቁጥር አያነሱም፤ ከሰፈሩ ሲደወልላቸውም «የሚፈርስበትን ቀን ነው የምትነግሩኝ?» ብለው ይዘጋሉ። ስለዚህ በሱፍቃድ የጽሑፍ መልእክት ሊልክላቸው ተነሳ። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ወይዘሮ አባዲት ደጃፍ ቁጭ ብሎ ይጽፋል፤ እሳቸው ይሰማሉ።

የመጀመሪያው «ለተከበሩ አቶ ዘነበ፤ የመኖሪያ ቤትዎን ጉዳይ በተመለከተ» ብሎ ይጀምር ነበር።

«ይሄማ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው» አሉ ወይዘሮ አባዲት። «ይሄን ካነበበ ከሰበታም ይሸሻል።»

ሁለተኛው «አይጨነቁ» የሚል ነበረበት፤ ራሱ አጠፋው። ሦስተኛው ረጅም ሆነ፤ የለካበትን ምክንያት በሙሉ ሲያስረዳ ጭራሽ መሐንዲስ መሰለ። አራተኛው ላይ ፎቶ ልላክላቸው አለ፤ ወይዘሮ አባዲት ግን «ፎቶ ነው ያባረረው» አሉ። አምስተኛውን «ደህና ነው» ብለውት ካደሩ በኋላ ጠዋት ላይ ሐሳባቸውን ቀየሩ።

ዛሬ ስድስተኛውን ይዟል። ዝናቡ አባርቷል፤ ሚደቅሳ ከውስጥ ይሰፋል። በሱፍቃድ በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ይጽፋል፤ «ጋሽ ዘነበ፣ እኔ በሱፍቃድ እባላለሁ፤ አብነት የስፌት መኪና እጠግናለሁ። በርዎን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«እዚህ ድረስ ደግ ነው» ይላሉ ወይዘሮ አባዲት። «ከዚያስ?»

«ከዚያ...» ይልና ጣቱን ከስክሪኑ ላይ ያነሳል። እየፈራ እንደገና ያስጠጋዋል፤ ቀጣዩን ቃል ይጀምራል፤ ያጠፋል፤ ይጀምራል።